የግንባታ ውልና አማና፦ በጥያና በአካባቢዋ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ከማጭበርበር ስለሚጠበቁበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው አስፋልት የሚጓዝ ሰው ጥያን አስቀድሞ የሚያውቃት በትክል ድንጋዮቿ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩት እነዚህ 36 ድንጋዮች በላያቸው የተቀረጹት ምልክቶች ምን እንደሚሉ ተመራማሪዎች ዛሬም ይመራመራሉ። ይህ ጽሑፋችን የሚመለከተው ግን በዚያው መንገድ ግራና ቀኝ በዘመናችን የሚሠሩትን ቤቶች ነው። የእነዚህ ቤቶች ውል ምን እንደሚል ማወቅም የድንጋዮቹን ምልክት ከማንበብ የማይተናነስ ችግር ሆኖ እናገኘዋለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ጭራሽ አልተጻፈምና።

የጉራጌ ሰው ንግዱን በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ከተማ፣ አንዳንዱም በባሕር ማዶ አድርጎ ቤት ግን በትውልድ ቀዬው ማሠራቱ የቆየ ልማድ ነው። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለዐረፋ ወደ ሀገር ቤት ሲገባ ቤተሰቡን የሚሰበስብበት ጣሪያ ይሻል። ባለቤቱ በሥራው ቦታ የለም፤ ቤቱ ከበዓሉ በፊት እንዲያልቅ ይጣደፋል፤ ሥራውን የሚሰጠውም ለዘመዱ፣ ለጎረቤቱ ወይም በዘመድ ለተጠቆመ ግንበኛ ነው። ርቀት፣ ጥድፊያና ዝምድና በአንድ ላይ ሲገናኙ ማጭበርበር የሚገባበት በር ይከፈታል። ገንዘቡ ተልኮ ግድግዳው ሳይቆም ሲቀር ደግሞ የሚጠፋው ብሩ ብቻ አይደለም። በሁለት ቤተሰብ መካከል የነበረው ሰላምታ ይቋረጣል፤ በአንድ መስጊድ ሶፍ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሰዎችም ፊታቸውን ያዞራሉ።

ለዚህ ጉዳይ ትልቁ እንቅፋት የሕግ እጦት ነው ብለን አናምንም። እንቅፋቱ በማኅበረሰባችን ውስጥ የተለመደው አንድ አስተሳሰብ ነው፤ ከወንድም ጋር ውል መጻፍ ወንድምን መጠርጠር ነው የሚለው። ይህ አስተሳሰብ የአማናን ስም ይዞ ይቅረብ እንጂ ቁርኣን ካስቀመጠው ሥርዓት ጋር የሚጋጭ መሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሚናገረው ስለ ጽሑፍ ነው። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ያመኑትን ጠርቶ፣ እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ ሲዋዋሉ እንዲጽፉት፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ቃሉን የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን፣ ምስክሮች እንዲቆሙ፣ ጉዳዩ አነሰም በዛም ከመጻፍ እንዳይሰለቹ ያዛል። ጥሪው የተላለፈው ለአማኞች እንደ መሆኑ ጽሑፉ በማይተማመኑ ሰዎች መካከል ብቻ የሚያስፈልግ ነገር ሊሆን አይችልም። እርግጥ ነው፣ አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ትእዛዙን ግዴታ ሳይሆን የተወደደ ምክር አድርገው ተረድተውታል፤ ማስረጃቸውም ቀጥሎ ያለው 283ኛው አንቀጽ እርስ በርስ ለተማመኑ ሰዎች የሰጠው ፈቃድ ነው። ኢማም አጥ-ጦበሪይና ኢብን ሐዝም ግን ግዴታ ነው ብለዋል። በዚህ ልዩነት ውስጥ ወገን ሳንለይ ማለት የምንችለው አንድ ነገር አለ። የቤት ግንባታ ውል በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሽያጭ አይደለም። ለወራት የሚዘልቅ ነው፤ ባለቤቱ የገንዘብ፣ ግንበኛው የሥራ ዕዳ ይሸከማሉ፤ በየሳምንቱም ዕዳው መልኩን ይቀይራል። አንቀጹ ከመጻፍ አትሰልቹ ያለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ካልሆነ ለየትኛው ሊሆን ነው?

አንድ ስም የያዙ ሁለት ውሎች

«ቤት ልሥራልህ» የሚለው ቃል በተግባር ሁለት የተለያዩ ውሎችን ይሸፍናል። በመጀመሪያው ባለቤቱ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ቆርቆሮውንና እንጨቱን ገዝቶ ያቀርባል፤ ግንበኛው የሚቀበለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። በፊቅህ ይህ የኢጃራ፣ ማለትም የሥራ ቅጥር ውል ነው። በሁለተኛው ተቋራጩ ዕቃውንም ሥራውንም በአንድ ዋጋ ይዞ የተጠናቀቀ ቤት ያስረክባል። ይህ ደግሞ ኢስቲስናዕ፣ በዝርዝር የተገለጸ ነገር ሠርቶ የማስረከብ ውል ይባላል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በኢጃራ ዕቃው ከመጀመሪያው ጀምሮ የባለቤቱ ንብረት ስለሆነ ግንበኛው በእጁ የገባውን እያንዳንዱን ከረጢት በአማና ይይዛል፤ የተረፈውም የባለቤቱ ነው። በኢስቲስናዕ ግን ዕቃው የተቋራጩ ነው፤ ባለቤቱ የሚጠይቀው የከረጢቱን ቁጥር ሳይሆን የተስማሙበትን ቤት ነው። ብዙው ማጭበርበር የሚፈጸመው እነዚህ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። ሥራው በእጅ ዋጋ ይጀመራል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግንበኛው «አሸዋውንና ብረቱን እኔ ላምጣ፣ የማውቀው ነጋዴ አለ» ይላል፤ ባለቤቱ በሩቅ ሆኖ ብር ይልካል። ከዚያ ወዲህ ውሉ ኢጃራም ኢስቲስናዕም አይደለም። ዋጋው አልተቆረጠም፤ ዕቃው አልተቆጠረም፤ በጎደለ ጊዜ ኃላፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የፊቅህ ሊቃውንት ገረር የሚሉት፣ ውሉን የሚያበላሸው ድብቅነትና አለመታወቅ፣ ይኸው ነው።

ኢስቲስናዕን በኢስቲሕሳን፣ ማለትም የሰዎችን ልማድና ፍላጎት በማየት፣ የፈቀዱት የሐነፊይ መዝሀብ ሊቃውንት ናቸው። ሌሎቹ ሦስት መዝሀቦች ጉዳዩን በሰለም ሕግ ሥር ስለሚያዩት ሙሉ ዋጋው በቅድሚያ እንዲከፈል ይጠይቃሉ። የሻፊዒይ መዝሀብ በተስፋፋበት በሀገራችን ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ ለግንበኛ መስጠት ባለቤቱን ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ግልጽ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በዑስማኒያ መንግሥት የተዘጋጀው መጀለቱል አሕካም ከ388 እስከ 392 ባሉት አንቀጾች ኢስቲስናዕን ተዋዋዮቹ እንዳሻቸው የማያፈርሱት ውል አድርጎታል፤ የተሠራው ነገር ከተገለጸው ውጭ ሆኖ ከተገኘም አሠሪው የመቀበልና ያለመቀበል ምርጫ ሰጥቶታል። በ1992 እ.ኤ.አ. በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በውሳኔ ቁጥር 65 ይህንኑ አጽንቶ ሁለት መስፈርቶችን አስቀምጧል። የሚሠራው ነገር ዓይነቱ፣ መጠኑና የሚፈለገው ባሕርይ መገለጽ አለበት፤ የማስረከቢያው ጊዜም መወሰን አለበት። ዋጋው በሙሉ ሊዘገይ ወይም በታወቁ ክፍያዎች ሊከፋፈል እንደሚችልም ፈቅዷል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኢስቲስናዕ የሚለው ቃል በሀገራችን በአመዛኙ ከባንክ ጋር ተያይዞ ይሰማል፤ እውነተኛ ቤቱ ግን ግንበኛውና ባለቤቱ የሚገናኙበት የመንደር ግቢ ነው።

ከልስኑ ሥር ያለው

ሙስሊም በሰሒሕ ስብስባቸው እንደ ዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ሻጩ ዝናብ እንዳገኘው ሲናገር ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስታወቁ። ሐዲሱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሻጩ ተግሣጽ ነው። ለገዢው ያለውን ትምህርት ግን እንዘነጋዋለን፤ ነብዩ የሻጩን ቃል ሰምተው አላለፉም፣ እጃቸውን አስገብተው መረመሩ።

ቤት ከእህል ክምር የባሰ ነው። ልስንና ቀለም ከተቀባ በኋላ ውስጡን በእጅ መፈተሽ አይቻልም፤ ስለዚህ ምርመራው ከመሸፈኑ በፊት መሆን አለበት። ለዚህ መሐንዲስ መሆን ሁልጊዜ አያስፈልግም። ቆርቆሮ በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ባለ 35ቱ ከባለ 30ው የሳሳ ነው። ውሉ «ቆርቆሮ» ብቻ ካለ ተቋራጩ ስስ የሆነውን ቢያመጣ ውል አላፈረሰም ሊል ይችላል። የአርማታ ብረት፣ በተለምዶ ፌሮ የሚባለው፣ በ12 ሜትር ርዝመት ይሸጣል። ሙሉ ውፍረት ያለው ባለ 12 ሚሊ ፌሮ ወደ 10.7 ኪሎ፣ ባለ 10 ሚሊ ወደ 7.4 ኪሎ፣ ባለ 8 ሚሊ ወደ 4.7 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ዘንግ በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ባለ 12 ተብሎ የመጣው በእርግጥ ባለ 12 መሆኑን በደቂቃ ውስጥ ይነግራል። የኮንክሪት ውህድ በሳጥን እየተሰፈረ 1 ለ 2 ለ 3 ከተባለ፣ ለአንድ ሲሚንቶ ሁለት አሸዋና ሦስት ጠጠር ማለት ነው፤ በአካፋ ግምት ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚጎድለው ውዱ ሲሚንቶ ነው። በጭቃ ቤትም ቢሆን ምርመራው አይቀርም። የባሕር ዛፉ ቋሚ ምን ያህል ጥልቀት እንደ ገባ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ክፍል ከምስጥ እንዲጠበቅ ዝፍት ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባቱ፣ የማገሩ ርቀትም ከመመረጉ በፊት ካልታዩ ከዚያ በኋላ የሚታዩት ቤቱ ሲያጋድል ነው።

በዚህ ረገድ ከአንዳሉስ የደረሰን አንድ ሥርዓት አለ፤ ለእኛ ሀገር መስጊዶችም የሚገባ ይመስለናል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ በኢሽቢሊያ፣ በዛሬዋ ሴቪል፣ የኖረው ኢብን ዐብዱን ስለ ገበያ ቁጥጥር በጻፈው መጽሐፍ የጡብ ውፍረት፣ የጣሪያ ሸክላ መጠን፣ የወራጅና የሳንቃ ስፋት ልኮች ቶሎ በማያልቅ ጠንካራ እንጨት ተሠርተው በታላቁ መስጊድ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ አሳስቧል። ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ ወደዚያ ሄደው ይለኩ ነበር ማለት ነው። የመስጊድ ግድግዳ የሶላት ሰዓት ብቻ የሚለጠፍበት መሆኑ ከየት እንደ መጣ አይገባንም። የአንድ ብሎኬት ልክ፣ የሦስት ዓይነት ፌሮ ቁራጭ ከነክብደቱ፣ የቆርቆሮ ናሙና ከነጌጁ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ ቢታይ ወጪው ኢምንት ነው። በጥያ መንደሮች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ገበያ ስለሚገበያይ ጥቅሙም የሁሉም ይሆናል።

ቀብድ፣ ቅድመ ክፍያና የዋጋ ንረት

ባለቤቱ መጀመሪያ የሚሰጠው ገንዘብ ምን ተብሎ ይጻፋል? ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ብዙ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን እንደሚያስረዳ ይደነግጋል። በአንቀጽ 1885 ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ እንደሚችል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን እንደሚመልስ ያስቀምጣል። ስለዚህ ለሲሚንቶ መግዣ የተሰጠ ከፍ ያለ ገንዘብ በወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ባለቤቱ ውሉን በተወ ጊዜ ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። «ከሥራው የሚታሰብ ቅድመ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ያልተሠራበት ይመለሳል።

በፊቅህ ዑርቡን የሚባለው ተመሳሳይ ጉዳይ ነው። የሐነፊይ፣ የማሊኪይና የሻፊዒይ ሊቃውንት ከልክለውታል፤ ኢማም አሕመድ ፈቅደዋል። የፊቅህ አካዳሚውም በ1993 እ.ኤ.አ. በውሳኔ ቁጥር 72 የመጠባበቂያው ጊዜ ከተወሰነ ይፈቀዳል ብሏል። የሀገሪቱ ሕግ የሚያውቀው የእጥፍ መልስ ግን በፊቅሁ የዑርቡን ክፍል የለም። አንቀጽ 1885 ራሱ ለተዋዋዮች ስምምነት ቦታ ስለሚተው፣ ከዚህ መራቅ የሚፈልጉ ተዋዋዮች በውላቸው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይበቃቸዋል።

የቀረው ክፍያ በሥራው ደረጃ መከፋፈል አለበት፤ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣሪያው ሲለብስ፣ ልስኑ ሲያበቃ። የመጨረሻው ድርሻ፣ ለምሳሌ ዐሥረኛው እጅ፣ ቤቱ አንድ ክረምት እስኪያሳልፍ ቢቆይ መልካም ነው፤ የጣሪያን ሥራ ከሐምሌ ዝናብ የተሻለ የሚመረምረው የለም። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ሲላክ የትኛው ደረጃ እንደ ተከፈለ ይጻፍበት። በሌላ በኩል ደረጃው ተጠናቆ ክፍያውን የሚያዘገይ ባለቤት ራሱ አጭበርባሪ መሆኑን ልንሰውር አይገባም። የቀን ሠራተኞቹ የሚኖሩት በዚያ ክፍያ ነው፤ የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ የሚያዘው ሐዲስም ለባለቤት አልተነበበም ማለት አይቻልም።

ስለ ማዘግየት ቅጣት የአካዳሚው ውሳኔዎች አንድ ረቂቅ ልዩነት ያደርጋሉ። በኢስቲስናዕ ተቋራጩ ከአቅም በላይ ባልሆነ ምክንያት ቢያዘገይ የተወሰነ መቀጮ እንዲከፍል ውል መግባት ይፈቀዳል። የባለቤቱ ክፍያ ቢዘገይ ግን በገንዘብ ዕዳ ላይ መቀጮ መጫን ሪባ ስለሚሆን አይፈቀድም፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በሪያድ የወጣው ውሳኔ ቁጥር 109 ይህን በግልጽ አስቀምጧል። በገበያ የሚሸጡ የውል ቅጾች መቀጮውን በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚጥሉ፣ ሙስሊም ተዋዋይ ሳያነብ እንዳይፈርም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «ዋጋ ጨመረ» የሚለው ቃል እውነትም ማጭበርበሪያም ሊሆን ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1764 ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ ይጸናል ይላል። በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ጉባኤ ግን በ1402 ሒጅራ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ባልታሰበ ድንገተኛ ለውጥ አንደኛው ወገን ከባድ ኪሳራ ላይ ከወደቀ ዳኛው ውሉን በፍትሕ ሊያስተካክል እንደሚችል ተቀብሏል። ሁለቱ አቋሞች ስለሚለያዩ ውሉ ራሱ መልሱን ይዞ መገኘት አለበት፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በውሉ ቀን ስንት እንደ ነበር ይመዝገብ፣ ጭማሪ የሚጠየቀውም በነጋዴ ደረሰኝ ብቻ ይሁን።

ጉዳት ሲደርስ

የእጅ ባለሙያ በእጁ ለጠፋ ንብረት ተጠያቂ ነው የሚለው ፍርድ ከዐሊይ (ረ.ዐ.) የተዘገበ ነው። አቡ ሐኒፋ ተጠያቂነቱን በጥፋቱና በድርጊቱ ሲወስኑት፣ ሁለቱ ደቀ መዛሙርታቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ የሰዎችን ንብረት ለመጠበቅ ሲሉ አስፍተውታል። የኢትዮጵያ ሕግም በዚሁ መንፈስ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ቤቱን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ጉድለቱ ከአሠራር ወይም ከአፈሩ ጠባይ የመጣ ቢሆንም ይጠየቃል። «ዋልካ አፈር ነው የሰነጠቀው» የሚለው መከላከያ እንግዲህ ተቋራጩን ነጻ አያወጣውም፤ አፈሩን ቆፍሮ ማየት የእርሱ ሥራ ነበርና። ይህን የ10 ዓመት ዋስትና የሚያውቅ የቤት ባለቤት ግን ምን ያህል ነው? ዋስትናው የሚቆጠረው ከርክክቡ ቀን በመሆኑ ቀኑ የተጻፈበት የርክክብ ወረቀት መያዝ ግድ ነው።

ሕጉ የግንባታ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አይልም። ሆኖም የውሉን መኖር የማስረዳት ሸክም በጠያቂው ላይ ነው። በጽሑፍ እንዲደረጉ ለሚጠየቁ ውሎች አንቀጽ 1727 የተዋዋዮችን ፊርማና ሁለት ምስክሮችን ይፈልጋል፤ የምስክሮቹ ቁጥር ከሱረቱል በቀራው አንቀጽ ጋር መግጠሙን ልብ ይሏል። የግንባታ ውልም ይህንኑ ቅርጽ ቢይዝ ለክርክር አይዳረግም። መጻፍ የማይችል ሰው አሻራውን የሚያኖር ከሆነ በዳኛ ወይም በአዋዋይ ፊት መሆኑ ይጠቅመዋል።

በባሕር ማዶ ያለ ባለቤት በሀገር ቤት ወኪል ሲያቆም ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በፊቅህ ወኪል አሚን ነው፤ ካላጠፋ ወይም ችላ ካላለ አይጠየቅም። ለዚህም ነው የውክልናው ወሰን አስቀድሞ መቆረጥ ያለበት። በሀገራችን ሕግ ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (አንቀጽ 2204 እና 2205)። ቤት የሚያሠራ ሰው ለወኪሉ የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥበት ምክንያት አይታየንም። ክፍያውን የሚፈጽመውና ሥራውን አይቶ የሚያረጋግጠው ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑም ይመረጣል።

ወንጀል የሆነው የትኛው ነው? ሥራ ማዘግየት ወይም ማበላሸት ብቻውን የፍትሐ ብሔር ክርክር ነው። የሌለውን ፈቃድ አለኝ ብሎ፣ የሌላ ሰው ሥራ የራሱ አስመስሎ፣ ወይም ሊሠራ ሳያስብ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ግን በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 የሚቀጣው አታላይ ነው። ከባለቤቱ የተሰጠው ዕቃ ወይም ገንዘብ ለሌላ ጥቅም ሲውልም በእምነት ማጉደል ሊያስጠይቅ ይችላል።

በመጨረሻ ክርክሩ ወዴት ይቅረብ የሚለው ይቀራል። በመንደራችን «ወደ ሸሪዓ እንሂድ» የሚሉ ወገኖች አሉ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ግን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በውርስ፣ በስጦታ፣ በኑዛዜና በወቅፍ ጉዳዮች የተወሰነ ነው፤ የግንባታ ውል በዚያ ውስጥ የለም። ከመደበኛው ፍርድ ቤት ውጭ መዳኘት የሚሹ ሰዎች ያላቸው መንገድ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 የተደነገገው የግልግል ዳኝነት ነው። ለዚህም የግልግል ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። በሶዶ የክስታኔ ሽማግሌዎች በጎርደና ሴራ መሠረት የመዳኘት የቆየ ባህል ስላላቸው፣ ተዋዋዮች ከሽማግሌዎቹ አንዱን፣ ፊቅህ የሚያውቅ አንድ ዓሊምና አንድ የግንባታ ባለሙያ ገላጋይ አድርገው በውሉ ላይ በስም መጻፍ ይችላሉ። ግንበኛው ክርስቲያን ከሆነ የዓሊሙን ቦታ ሁለቱም የሚስማሙበት ሰው ይያዘው። ስሞቹ የሚጻፉት ውሉ በሚፈረምበት ቀን ነው፤ ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለት ተጣዪዎች በአንድ ገላጋይ መስማማታቸው እጅግ ይከብዳል።